እስከ እቴቴ ብስኩት መስኮት የተዘረጋው ክር

የእህቴን ክንድ ያላየ ሰው ረጅም ክንድ አይቻለሁ አይበል። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለችው ጠባብ ሱቋ መስኮት ላይ በሆዷ ተደግፋ እጇን ስትዘረጋ፣ ከሰልፉ መሃል ቆሞ የሚነፋረቀውን የአንደኛ ክፍል ልጅ አፍንጫ ትጠርግለታለች። የሚጋፋ ካለም ጆሮውን የሚቆነጥጠው ያው ክንድ ነው። ልጆቹ «እቴቴ ብስኩት» ነው የሚሏት። እናታችን ያወጣችላትን ስም ድፍን ግቢው ረስቶታል፤ እኔ ታናሿ ራሴ አንዳንዴ «እትዬ ብስኩት» ብዬ እጠራትና ሁለታችንም እንስቃለን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ፣ በረንዳዬ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። አፌ አያርፍም፣ እግሬም ከመርገጫው አይወርድም። ቶሎ እቆጣለሁ፣ ቶሎ እስቃለሁ። ባሌ «ያንቺ ቁጣ የክብሪት ነው፤ ቦግ ብሎ ድርግም» ይለኛል። ይበል። እሱ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ከሰው ሲነታረክ ይውልና ቤት ሲገባ ጨዋ ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር እህቴ እናቴም ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር፤ እሷ ኮረዳ። ጨርቄን ማቄን ሳትል አንድ ቅርጫት ፈልጋ፣ ራሷ የጋገረችውን ትንንሽ ዳቦና የቆላችውን ለውዝ ይዛ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቁጭ አለች። ለውዙን በቆርቆሮ ኩባያ እየሰፈረች ልጆቹ ኪስ ውስጥ ትገለብጠዋለች። በዚያች ኩባያ አሳደገችኝ፣ በዚያች ኩባያ ስፌት አስተማረችኝ፣ በዚያች ኩባያ ዳረችኝ። በኋላ ትምህርት ቤቱ ከግቢው ጥግ ያቺን ሱቅ ሲሰጣት ያለቀሰችው ለቅሶ! ለእኔ ሠርግ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም፤ ታዝቤያታለሁ። እሷ ራሷ አልወለደችም። ድፍን ትምህርት ቤቱ ግን ልጇ ነው።

ከዚያ ብስኩት የሚያከፋፍሉ መኪኖች መጡ። ሁሉ ነገር በላስቲክ የተጠቀለለ፣ የሚያብለጨልጭ። መጋገር የለ፣ መቁላት የለ፣ ማቀበል ብቻ። ወገቧም መድከም ጀምሮ ነበርና ኩባያዋን ምስማር ላይ ሰቀለቻት። ማን ይፈርድባታል?

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። የነገሩ ጠንሳሽ ልጄ ናት። አራተኛ ክፍል ናት፤ ቤታችን ውስጥ «ጠበቃ» ነው የምንላት። ይህቺ ልጅ ተከራክራ ያልረታችው ሰው ካለ አምጡልኝና ልሸልመው።

«እማዬ! መርፌ! ክር! ብዙ ክር!» ብላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እየበረረች መጣች። ቦርሳዋ ከአንድ ትከሻዋ ተንጠልጥሏል፣ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቷል።

«መጀመሪያ ጫማሽን እሰሪ! ተደፍተሽ ጥርስሽን ልታረግፊ ነው እንዴ?»

«ስሚኝ እንጂ! ጉድጓዱ ሞላ!»

ጉድጓዱን አውቀዋለሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀርባ ነው፤ የግቢው ቆሻሻ እዚያ ተጥሎ ይቃጠላል። ሲቃጠል ጭሱ በመስኮት ገብቶ እነዚያን ሕፃናት እንደ ሽማግሌ ያስላቸዋል። ጠዋት ሰልፍ ላይ መምህራቸው «ለመሆኑ ይኼ ሁሉ ቆሻሻ የማነው?» ቢል አምስተኛ ክፍሎች በአራተኛ፣ አራተኛ ክፍሎች በአምስተኛ፣ ተማሪው ሁሉ ደግሞ በመምህራኑ አሳበበ። ሊፋጁ ሲሉ የእኔዋ ጠበቃ ብድግ ብላ «ለምን አንሰካውም?» ትላለች። የሳምንቱን ቆሻሻ እንደ ጨሌ በክር መሰካት! ወረቀቱን ለብቻ፣ ፌስታሉን ለብቻ፣ የብስኩትና የከረሜላ ላስቲኩን ለብቻ። ከዚያ ሁሉንም ባንዲራው እንጨት ላይ አስሮ በግቢው መዘርጋት። የረዘመው ክር ጥፋቱን ያሳያል!

እኔ ደግሞ ኩራት ሊያፈነዳኝ! እንዲህ ያለ ጭንቅላት ከእኔ ሆድ መውጣቱ! ብርድ ልብስ የምሰፋበትን ወፍራም ክር ከነጥቅሉ አውጥቼ ሰጠኋት። «ይኸውልሽ፣ ይኼን በሬ ቢጎትተው አይበጠስም» አልኳት። አፈር በበላሁ!

ለልምምድ ደግሞ በማን ጀመረች መሰላችሁ? በእኛ ቤት። የቤታችንን ቆሻሻ እየሰካች ኩሽናው በር ላይ አንጠለጠለችው። ዘንቢል መያዝ ስለምረሳ ገበያ በሄድኩ ቁጥር ይዤው የምመጣው ፌስታል፣ የሻምፑ ፓኬት፣ ምኑ ቅጡ። አባቷ በየቀኑ የሚጥለው የውሃ ፕላስቲክ በመርፌ አልወጋ ሲላት አንገቱን እያሰረች ደረደረችው። ሰውዬው በሩን በከፈተ ቁጥር ቋ! ቋ! ቋ! በሦስተኛው ቀን መሰለኝ፣ ሹልክ ብሎ ወጥቶ ኮዳ ገዝቶ መጣ። የድንች ልጣጩን ለጎረቤት ዶሮዎች ወሰደችው፣ የደረቀውን ዳቦ በምጣድ ጠብሳ መልሳ አበላችን። ከመኪናዬ ሥር ያለውን የብጣሽ ጨርቅ ክምር ስታይ ደግሞ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ይኼ ቆሻሻ ነው ጨርቅ?»

«ጨርቅ ነው! አንድ ቀን ይጠቅመኛል።»

«አንድ ቀን መቼ ነው?»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!» ብዬ አባረርኳት፤ በሆዴ ግን እየሳቅኩ ነበር።

ዓርብ ዕለት ሥራዬን ጥዬ ወደ ግቢው ሮጥኩ። ማን እንዲህ ያለ ትዕይንት ያመልጠዋል? ልጆቹ ወንበር፣ ደረጃ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ይሰካሉ። ጣቱን የተወጋ ይጮሃል፣ ያልተወጋው ይስቃል። ዳይሬክተሯ እንኳ ከቢሮአቸው ወጥተው እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። እህቴ ከመስኮቷ ግማሽ አካሏን አውጥታ «በርቱ የእኔ አንበሶች!» ትላለች።

የፌስታሉ ክር ተዘረጋ፤ ውሃ ቧንቧው ጋ ሳይደርስ አለቀ። የወረቀቱ ቧንቧውን አልፎ አግዳሚ ወንበሩ ጋ ቆመ። «ሦስተኛው! ሦስተኛው!» የብስኩትና የከረሜላው ክር ተነሳ። አቤት ማማሩ! ቀይ፣ ብር፣ ወርቅማ፣ በነፋሱ እየተንሿሿ ቧንቧውን አለፈ። አግዳሚ ወንበሩን አለፈ። የቢሮውን ደረጃ አለፈ። ልጆቹ እየዘለሉ ይከተሉታል። እኔ ጅሏ እልል አልኩ! እህቴም ታጨበጭባለች። ክሩ ዛፉን ዞረ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደና… የሱቋ መስኮት ጋ ደረሰ። አሁንም አላለቀም። ልጄ የመስኮቱን ብረት አንዴ ዞረችበት፣ ደግማ ዞረችበት፤ እጇ ላይ ገና ሌላ ቀረ።

ያኔ ነው ሁላችንም የገባን። ጭብጨባው ቀጥ አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኛዎቹ ተባብረው አክስታቸውን አሰሩ። እህቴ መስኮቷ ላይ የተጠመጠመውን ላስቲክ አየች፣ መደርደሪያዋን ዞራ አየች። ያው ቀይ፣ ያው ብር፣ ያው ወርቅማ።

«እኔ ነኝ?» አለች።

ዳይሬክተሯ ቀስ ብለው ተጠጉ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ እውነት ለመናገር ጭንቀታቸው ፊታቸው ላይ ነበር። «እርስዎን ላስቀይም ብዬ አይደለም። ግን ሕፃናቱ ሲያስሉ ይሰማሉ አይደል? ዓይኔ እያየ ዝም ማለት አልችልም። ሱቁ ከሰኞ ጀምሮ ይዘጋ።»

ልጄ ግን የክሩን ጫፍ እንደያዘች ብድግ አለች።

«አይሆንም!»

«ምን አልሽ?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«የፈረደባት ክሩ ነው። እንግዲያው ክሩ ነጻ ያውጣት! አንድ ሳምንት ይስጡን። የሚመጣው ዓርብ እንደገና እንሰካለን። ክሩ መስኮቷ ጋ ከደረሰ ይዝጉት። ካልደረሰ ግን አይዘጋም!»

ዳይሬክተሯ ክሩን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ በመጨረሻ ፈገግታ አመለጣቸው። «ይሁን። ዓርብ። እዚህ መስኮት ጋ ከደረሰ ግን ይግባኝ የለም።»

ልጄ ዘላ ወደ አክስቷ ዞረች። እህቴ መስኮቱን ጓ አድርጋ ዘጋችው። በጓሮ በር ወጥታ አጠገባችን አለፈች፤ ከተወለደች ጀምሮ ጉንጯን ሳትስማት የማታልፋትን ልጅ እንደማታውቃት አለፈቻት። እኔ ጋ ስትደርስ ብቻ ቆም አለች።

«ክሩ ያንቺ ነው አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ቋጠሮውን አየሁት። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።»

ከዚህ በላይ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቤቷ ሄድኩ። ተኝታ አገኘኋት፤ በጠራራ ፀሐይ ተኝታ የማላውቃትን ሴት። ልጆቹ ሳምንት አስገኝተውልሻል፣ እናግዝሽ፣ ኩባያሽን ከሰቀልሽበት አውርጂ ብዬ ለፈለፍኩ።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለች ወደ ግድግዳው ዞራ። «ሰኞ ዕቃዬን ላወጣ እሄዳለሁ። ሰው ከሚያስወጣኝ ራሴ ብወጣ ይሻላል።»

ክብሪቴ ቦግ አለ። «ወጥተሽስ? እዚህ ቁጭ ብለሽ ዝንብ ልትቆጥሪ ነው?»

ድምጿ ቀጠነ። «እሱን እያሰብኩ ነው እኮ። እዚህ ቤት ውስጥ እቴቴ ብሎ የሚጠራኝ ማነው? ያቺ መስኮት ከሌለች እኔ ማን ነኝ?»

አጠገቧ ተቀምጬ ጀርባዋን ዳበስኩ።

ቤት ስገባ ጠበቃዋ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ትንሰቀሰቃለች። «እቴቴ ጠላችኝ። እኔ ነኝ ሱቋን ያዘጋሁት።» ማባበል አልችልበትም፤ ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት። «ለቅሶ ክር አያሳጥርም! ተነሺ! ያ አንድ ቀን ያልኩሽ ቀን ዛሬ ነው!» አልኳትና ብጣሽ ጨርቄን ሁሉ መሬት ላይ ዘረገፍኩት። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። አንገት ላይ የምትንጠለጠል፣ አንድ ኩባያ ለውዝ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት። ከሰማያዊ ሱሪ የተረፈው፣ ከነጭ ሸሚዝ የተረፈው፣ ከባሌ ካፖርት ገበር የተረፈው። ጨርቁ ሲያልቅ መኪናዬ ግላ ነበር፤ ከረጢቱ ግን ለሁሉም አልበቃም። ልጄም «የቀሩት ከቤታቸው ዕቃ ይዘው ይምጡ!» ብላ እሑድን በየጓደኞቿ ቤት ስታንኳኳ ዋለች።

የሰኞውን ሰልፍ ምነው ባያችሁት! እህቴ ሱቋ ውስጥ ገብታ፣ መስኮቱን እንደዘጋች ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ ትከታለች። ደወሉ ለእረፍት ሲደወል ልጆቹ መጥተው መስኮቷ ሥር ተደረደሩ። ከረጢት ያንጠለጠሉት ፊት ቆሙ። ከኋላቸው ግን «ዕቃ» የተባለውን እያንዳንዱ እንደገባው ይዞ መጥቷል። አንዱ የምሳ ዕቃ፣ አንዷ የሻይ ጀበና የመሰለ ማንቆርቆሪያ፣ አንዱ የአባቱን የሞተር ሳይክል ቆብ። አንዲት ፍሬ የምታክል ልጅ ደግሞ ራሷ የምትገባበትን ብረት ድስት እየጎተተች፣ ቋ ቋ ቋ ስታደርግ መጣች። ድስቱ ገና ትኩስ ነበር ማለት ነው፤ ወዲያው እናቷ ማማሰያዋን እንደያዘች አጥሩ ጋ ደርሳ «ወጤን የት ደፋሽው?» ብላ ጮኸች።

«አልደፋሁትም! ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገለበጥኩት!»

መስኮቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲፈነዳ ተሰማኝ። ሳቅ ነው። እህቴ በቀዳዳ ስታይ ኖሯል። አሁን መሳቅ ጀምራ ማቆም አቃታት፤ ሳቋ የቆርቆሮውን ግድግዳ አንቀጠቀጠው። ልጆቹ ሲሰሙ ባሰባቸው። «ለውዝ! ለውዝ! ለውዝ!»

መስኮቱ ብርግድ አለ። ዓይኗ በእንባ ረጥቧል፤ የሳቅ ይሁን የሌላ እንጃ። «ለውዝ ዛሬ ከየት ላምጣላችሁ እናንተ ጉዶች? ለውዝ ነገ ነው!»

ነገ! ሰማችሁ? ከአፏ ወጣ! እጄን ወደ ሰማይ ሰቀልኩ። ዕቃዋን ልታወጣ የመጣች ሴት ነገ አለች!

ከሰዓት በኋላ ካርቶኑን መልሳ ፈታችው። የታሸገውን ብስኩት ሁሉ ለአከፋፋዩ መለሰች፤ እሱ ሲያጉረመርም እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ አፉን አስያዝኩት። ትልቁን ጣሳዋን ተሸክማ ዳቦ ቤት ሄደችና ላስቲክ የማያውቀውን ብስኩት በጣሳዋ ሞልታ መጣች። ለውዙን እኔ ቤት ቆላነው። ኩባያዋን ከምስማሩ አውርዳ በአመድ ፈትጋ ስታበራት ፊቷ የዚያች ኮረዳ ፊት ሆነ። ማክሰኞ ኩባያዋ እየሠራች ዋለች፤ ጨለፍ፣ ገልበጥ፣ «ቀጣይ!»

ልጄ ተራዋ ደርሶ ከረጢቷን ዘረጋች። «እቴቴ…»

እህቴ ለውዙን ጢም አድርጋ ሞላችላት። ዓይኗ ግን ከልጅቷ አናት በላይ ነበር። «ቀጣይ!»

አይ እልኸኛ! የእኛ ቤት ሰው እልሁ አያድርስ ነው። ልጄ ያንን ለውዝ ሳትቀምሰው ወደ ቤት ይዛው መጣች።

ያም ሆኖ ሳምንቱ እሳት ነበር። አራተኛ ክፍሎች ደብተር ቀድዶ አውሮፕላን መሥራትን አገዱ፤ በአንድ ገጹ የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ በጀርባው ሂሳብ ተሠራበት። የምሳ ፍርፋሪ በባልዲ ተሰብስቦ ለጎረቤቴ ዶሮዎች ይሄዳል፤ ዶሮዎቹ ወፍረው መሄድ አቅቷቸዋል። ዳይሬክተሯ ራሳቸው ኮሪደር ላይ ከረሜላ ሲፈቱ በአንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ እጅ ከፍንጅ ተያዙ። ከሁሉ የሚከፋው ከውጭ ሱቅ ተገዝቶ በየኪሱ የሚገባው ነበር። ልጅ አይደሉ? ያየ ዓይን ያምረዋል።

ዓርብ መጣ። ሥራዬን ጥዬ ሄድኩና ለትንንሾቹ መርፌ ላይ ክር አስገባላቸው ጀመር። እህቴ መስኮቷ ላይ ናት። የብስኩትና የከረሜላው ክር ተሰካ፣ ባንዲራው እንጨት ላይ ታሰረ፣ ተዘረጋ። ቧንቧው ጋ ሳይደርስ አለቀ!

ጩኸቱ! ኮፍያ ወደ ላይ፣ ልጅ ወደ ላይ! እኔም ከአፌ እልልታ ሊወጣ ሲል ዓይኔ የአንዱ ልጅ ሱሪ ላይ አረፈ። ዩኒፎርሙን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ኪሱ ጠፍጣፋ ኪስ ነው። አሁን ግን ተነፍቷል። ከጎኑ የቆመውንም ልጅ አየሁ፤ ተነፍቷል። የልጄን ቀሚስ አየሁ፤ ሁለቱም ኪስ እንደ ጥንቸል ጉንጭ ሞልቷል። ወይ ጉድ! እነዚህ ልጆች እቴቴ እንዳትዘጋባቸው ብለው ላስቲኩን በየኪሳቸው ደብቀውታል!

ተናገሪ አለኝ ልቤ። አልናገርም አለ አፌ፤ ያ የማያርፍ አፍ። የእህቴ እንጀራ ነዋ!

«ዝም በሉ!» አለ አንድ ድምፅ። እህቴ ናት። ክንዷን ወደ ሰልፉ ዘርግታለች። «እነዚህ ኪሶች ምን በልተው ነው እንዲህ የጠገቡት?»

ልጆቹ እጃቸውን ኪሳቸው ላይ ጫኑ። ዳይሬክተሯ እህቴን ትክ ብለው አዩዋት።

«አውጡት» አለች።

«ከዚያ ሱቁ ቢዘጋስ?» አለ አንዱ ሊያለቅስ ሲል።

«ይዘጋ! እናንተን ሌባ ያደረገች መስኮት ትዘጋ! እኔ በውሸት ክር አልኖርም!»

ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ልጄ ወደ ፊት ወጣች። ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ሁለቱን ኪሶቿን ገለበጠች፤ ላስቲኩ እግሯ ሥር ተዘረገፈ። ሌላው ገለበጠ፣ ሌላዋም ገለበጠች፣ ከካልሲ የሚያወጣም ነበር። ዳይሬክተሯ ሳይቀሩ ኮታቸው ውስጥ ገብተው አንድ የከረሜላ ወረቀት አወጡ፤ ያኔ እንኳ የሳቀ የለም።

እንደገና ሰካን። መርፌው ጣቴን ወጋኝ፣ አልተሰማኝም። ክሩ ተነሳ። ቧንቧውን አለፈ። በስመ አብ! አግዳሚ ወንበሩን አለፈ። ልጆቹ በዚህኛው ዓርብ አይዘሉም፤ ትንፋሻቸውን ይዘው ይከተላሉ። የቢሮውን ደረጃ አለፈ። ዛፉን ዞረ። ጫፉን የያዘችው ልጄ ናት፤ እግሯን እየጎተተች ወደ አክስቷ መስኮት ትሄዳለች። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አንድ እርምጃ። ሌላ። ከዚያ ክሩ ተወጠረና እምቢ አለ። አለቀ!

«ደረሰ?» «አልደረሰም!» «ደርሷል!» ሁሉም ይጯጯህ ጀመር።

«ይኼማ በእኔ ነው የሚለካው» አለች እህቴ። መስኮቱ ላይ በሆዷ ተኛች። ያንን ክንዷን፣ የሰልፉን መሃል የሚነካውን ክንድ፣ ወደ ክሩ ጫፍ ዘረጋችው። ጣቷን ዘረጋች፤ ጥፍሯን ዘረጋች። እግሯ ከውስጥ ከመሬት ሲነሳ ይታየኛል። በክሩ ጫፍና በጣቷ መሃል አየር ብቻ ቀረ።

«አልደረስኩም» አለች፣ ማመን እንዳቃተው ሰው። ከዚያ ግቢውን በጩኸት አናጋችው። «አልደረስኩም! ተመልከቱ! አልደረስኩም!»

ዳይሬክተሯ ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ፤ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። «አልደረሰም» አሉ። «ሱቁ አይዘጋም።»

ልጄ ወደ አክስቷ ልትሮጥ ስትል ድፍን ትምህርት ቤቱ በአንድ አፍ «አትነቃነቂ!» ብሎ ጮኸባት፤ ክሩን ይዛ ብትራመድ ጎትታ ልታደርሰው ነዋ! ምስኪን፣ አንድ እግሯን አንስታ ደርቃ ቀረች።

እህቴ አየቻት። ሳምንቱን ሙሉ ከአናቷ በላይ ስታይ የነበረችው ሴት አሁን ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«ጣይው» አለች ቀስ ብላ።

«ክሩን?»

«ክሩን። ጣይውና ነይ፣ የእኔ ጠበቃ። ክንዴ አንቺ ጋ ይደርሳል።»

ልጄ ክሩን ጣለችው። እህቴ በብብቷ ሥር ይዛ ብድግ አደረገቻት፣ ከነጫማዋ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አስገባቻትና ጉንጯን የሳምንቱን ዕዳ እያወራረደች ትስማት ጀመር። ልጆቹ ከረጢትና ድስታቸውን ይዘው ተንጋግተው መጡ። እህቴም ልጅቷን ባንድ እጇ እንዳቀፈች፣ በሌላው እጇ ኩባያዋን አንስታ «ተሰለፉ!» አለች።